ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ፦ ክትትሉ የት? ምርመራው የትኛው? ኪኒኑ እስከ መቼ?

ኬሞው አልቋል፣ ጨረሩም አልቋል። ሐኪሙ «ከሦስት ወር በኋላ እንገናኝ» ብሎ የቀጠሮ ካርዱን ሲመልስ ቤተሰቡ ፈጣሪውን አመስግኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሌላ ጭንቀት ይጀምራል። እስከዚያ ቀን ድረስ ምን እንደሚደረግ የሚወስነው ሆስፒታሉ ነበር፤ አሁን ብዙው ውሳኔ በቤተሰብ እጅ ወድቋል። ክትትሉ ጥቁር አንበሳ ይቀጥል ወይስ ቅርብ ባለው ሆስፒታል? ሲቲ ስካን በየስንት ጊዜው ይነሣ? ኪኒኑ ቢያማትም ትቀጥል? ክንዷ ሲያብጥ ትታሽ ወይስ አትነካ?

ይህ መመሪያ የጡት ካንሰር ሕክምናቸውን ለጨረሱ ሴቶችና ለአስታማሚዎቻቸው ነው። የጡት ካንሰርን የመረጥኩት በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉም የካንሰር ዓይነቶች በብዛት የሚገኘው እሱ ስለሆነ፣ እኔም እህቴን ሳስታምም በቅርብ ያየሁት ስለሆነ ነው። አማራጮቹን የማመዛዝነው በአንድ መለኪያ ነው፦ ጥቅሙ የተረጋገጠ ሆኖ፣ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይቋረጥ ሊቀጥል የሚችለው የትኛው ነው? በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት በዓመቱ ከሚቆም ነገር፣ ቀላል ሆኖ የሚቀጥለው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የእያንዳንዷ ሴት በሽታ የተለያየ ስለሆነ የመጨረሻው ውሳኔ ከሐኪሟ ጋር የሚደረግ ነው፤ እዚህ የተጻፈው ያንን ውይይት ለማዘጋጀት ይረዳል።

ክትትሉ የት ይሁን?

አብዛኛው ቤተሰብ ሦስት አማራጭ አለው፤ ሕክምናው የተሰጠበት የካንሰር ማዕከል፣ ቅርብ ያለ የመንግሥት ሆስፒታል፣ የግል ክሊኒክ።

የካንሰር ማዕከሉ ትልቁ ጥቅም ፋይሉ እዚያ መኖሩ ነው። አጠራጣሪ ነገር ቢገኝ የካንሰር ሐኪሙም፣ ቀዶ ሐኪሙም፣ የጨረር ክፍሉም አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ችግሩ ርቀቱና ወረፋው ነው። ከወሎ ወይም ከባሌ ለአንዲት የአሥር ደቂቃ ምርመራ አዲስ አበባ መምጣት ማለት የሁለት ሰው ትራንስፖርት፣ ማደሪያ፣ የቀናት ሥራ መፍታት ነው። በዚህ ምክንያት ቀጠሮ ሲያልፍ፣ ሁለተኛውም ሲያልፍ፣ ክትትሉ እንደዋዛ ይቀራል። ማደሪያው ብቻ ከሆነ ችግሩ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ታካሚዎች አዲስ አበባ ውስጥ ማረፊያ ስላለው ጠይቁ። ጅማ፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ መቐለና ሐረር ባሉት የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም የካንሰር ሕክምና ስለሚሰጥ፣ ለእነዚህ ከተሞች የሚቀርብ ሰው ወደዚያ መዛወር ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ማማከር አለበት።

ቅርብ ያለው ሆስፒታል ብዙ ጊዜ ይናቃል። «እዚያ የካንሰር ሐኪም የለም፣ ምን ያደርጉልናል?» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የወጣ አንድ የካናዳ ጥናት ይህንኑ ጥያቄ ፈትሾታል። በመጀመሪያ ደረጃ የጡት ካንሰር ታክመው የጨረሱ 968 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በካንሰር ማዕከል፣ ግማሾቹ በቤተሰብ ሐኪም ክትትል ተደረገላቸው። በሽታው ማገርሸቱን ዘግይቶ በማወቅ በሚመጣ ከባድ ጉዳትም ሆነ በአኗኗር ጥራት በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ይህ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ እነዚያ የቤተሰብ ሐኪሞች ምን መከታተል እንዳለባቸው የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ተሰጥቷቸው ነበር፣ ችግር ሲያዩም ወደ ማዕከሉ የሚመልሱበት መንገድ ክፍት ነበር።

ስለዚህ እኛ አገር ቅርብ ያለውን ሆስፒታል የሚመርጥ ሰው ከማዕከሉ ሳይወጣ አንድ ወረቀት መያዝ አለበት። ወረቀቱ ላይ የካንሰሩ ዓይነትና ደረጃ፣ የሆርሞን ተቀባይና የኸር ቱ (HER2) ውጤት (ካንሰሩ በሆርሞን ወይም ኸር ቱ በሚባል ፕሮቲን የሚያድግ መሆን አለመሆኑን የሚያሳየው)፣ ቀዶ ሕክምናው የተደረገበት ቀንና ጎን፣ የኬሞ መድኃኒቶቹ ስምና ስንት ዙር እንደተሰጡ፣ ጨረሩ የት እንዳረፈ፣ የኪኒኑ ስምና የተጀመረበት ቀን፣ ምን ሲታይ ወደ ማዕከሉ መመለስ እንዳለበት ይጻፍ። ሐኪሞች ጊዜ ስለሚያጥራቸው ሳይጠየቁ ይህን ሁሉ አይጽፉም፤ በትሕትና ግን አጥብቃችሁ ጠይቁ። የፓቶሎጂውን (ከዕጢው በተወሰደው ናሙና ላይ የተደረገውን ምርመራ) ውጤት ኮፒ አድርጋችሁ አንዱን ቤት አስቀምጡ፣ በስልክም ፎቶ አንሡት። ለዓመታት የሚያገለግል ሰነድ ነው፤ ሲጠፋ ምን ያህል እንደሚያንከራትት ያየ ያውቀዋል።

የግል ክሊኒክ ፈጣን ነው። ሰኞ የተሰማ እብጠት ማክሰኞ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ለእንዲህ ያለው አስቸኳይ ጥያቄ ገንዘብ ካለ ጥሩ ነው። ዋና ክትትል ለማድረግ ግን አልመርጠውም። በየጊዜው የሚያየው ሐኪም ሊቀያየር ይችላል፣ የምርመራ ዝርዝሩ ይረዝማል፣ ገንዘብ ያለቀ ዕለት ክትትሉም አብሮ ያልቃል።

እኔ የሚበጀው ብዬ የማስበው ቅይጡ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ማዕከሉ፣ በመሀል ያሉት ቀጠሮዎች ቅርብ ባለው ሆስፒታል። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የጊዜ ሰሌዳ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ዓመት በየ6 እስከ 12 ወሩ፣ ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በሽታዋ ከፍ ባለ ደረጃ ላይ የተገኘ ሴት ግን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ማዕከሉ ብትቆይ ይሻላል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል ከሆናችሁ የሪፈር ወረቀቱን ሰንሰለት አትዝለሉ፤ ያለ ሪፈር የሄደ ከኪሱ ይከፍላል።

ምርመራ፦ ሁሉን ማንሣት ወይስ የተመረጠውን?

ቤተሰብ በፍቅር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ከእግር እስከ ራሷ ትታይ» ተብሎ ገንዘብ ይዋጣል። ሲቲ ስካን፣ የአጥንት ስካን፣ ቱሞር ማርከር የሚባለው የደም ምርመራ፣ አንዳንዴም ፔት ስካን ለማስነሣት ሕንድ ወይም ቱርክ ድረስ ይኬዳል። ምንም ምልክት ለሌላት ሴት ይህ ዕድሜ ይጨምራል ወይ የሚለው ጥያቄ ከተፈተሸ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሁለት የጣሊያን ጥናቶች ታተሙ። በአንደኛው 1,320፣ በሌላው 1,243 ሴቶች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ በየጊዜው ራጅና የአጥንት ስካን ሲነሡ ቆዩ፤ ሌሎቹ ሐኪም በእጁ እየመረመራቸው ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ብቻ ተነሡ። በብዙ የተመረመሩት በሕይወት በመቆየት አልበለጡም። በአንዱ ጥናት ወደ ሳንባና ወደ አጥንት የተዛመተው በሽታ ቀደም ብሎ ቢገኝም፣ በአምስት ዓመት ውስጥ የሞቱት ቁጥር ግን አልተለየም።

ምክንያቱን መረዳት ልብን ያሳርፋል። የጡት ካንሰር ወደ አጥንት ወይም ወደ ጉበት ከተዛመተ፣ ምልክት ከማሳየቱ ጥቂት ወራት ቀድሞ መገኘቱ የሕክምናውን ውጤት እምብዛም አይለውጠውም። በቀረው ጡት፣ በሌላኛው ጡት ወይም በጠባሳው ላይ የሚመጣ አዲስ እብጠት ግን ቀድሞ ከተገኘ ሊድን ይችላል። የሐኪም እጅና ማሞግራፊ የሚፈልጉት ይህንን ነው። ከ1994 ወዲህ መድኃኒቱ እጅግ ተለውጧል፤ ሆኖም ዛሬም ድረስ ዋና ዋናዎቹ የካንሰር ሕክምና መመሪያዎች ምልክት ለሌላት ሴት ስካንና ቱሞር ማርከር በየጊዜው እንዲደረግ አይመክሩም።

ማሞግራፊ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ጨረር የወሰደች ሴት ጨረሩ ካለቀ ቢያንስ ስድስት ወር ትጠብቅ። ሁለቱም ጡቶች የወጡላት ሴት ማሞግራፊ አያስፈልጋትም። አልትራሳውንድ ማሞግራፊን አይተካም፤ ጡታቸው ጥቅጥቅ ላለ ወጣት ሴቶች ግን ጥሩ አጋዥ ነው፣ አገራችን ውስጥ ደግሞ ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። ማሞግራፊ በማይገኝበት ከተማ አልትራሳውንድና የሠለጠነ ሐኪም እጅ ከምንም ይሻላሉ፤ ማሞግራፊው ወደ ማዕከሉ በሚኬድበት ዓመታዊ ቀጠሮ ይደረስ።

ይህ ሁሉ ምልክት ለሌላት ነው። ምልክት ካለ ስካኑ አስፈላጊ ነው፣ መዘግየትም የለበትም። በጠባሳው፣ በብብት ወይም አንገት ሥር ካለው አግድም አጥንት በላይ አዲስ እብጠት፤ በደረት ቆዳ ላይ የማይጠፋ ሽፍታ፤ አንድ ቦታ ላይ ሆኖ ሌሊት የሚብስ የአጥንት ሕመም፤ የማይለቅ ደረቅ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር፤ ያለ ምክንያት መክሳት፤ የዓይን ቢጫ መሆን፤ ከማስመለስ ጋር የሚመጣ ራስ ምታት። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ነገር ቀጠሮ አይጠበቅለትም። የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል ወይም ሽንትን ካለመቆጣጠር ጋር ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

ኪኒኑ፦ የትኛው፣ እስከ መቼ፣ እንዴት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነብ ሰው ካለ ይህን እንዲያነብ እፈልጋለሁ። የፓቶሎጂ ውጤቷ የሆርሞን ተቀባይ ያለበት ለሆነ ሴት፣ ከሕክምና በኋላ በየቀኑ የምትውጣት ኪኒን ከማንኛውም ስካን የበለጠ ሕይወቷን ትጠብቃለች። አምስት ዓመት ታሞክሲፌን መውሰድ በጡት ካንሰር የመሞትን ዕድል በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ፣ ጥቅሙም ኪኒኑ ካለቀ በኋላ ለዓመታት እንደሚዘልቅ በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ ታይቷል። ዋጋውም ቢሆን በአንድ ሲቲ ስካን ገንዘብ የብዙ ወራት ታሞክሲፌን ይገዛል። የሆርሞን ተቀባይ የሌለው በሽታ የነበራት ሴት ግን ኪኒኑ አይጠቅማትም፤ ጎረቤት ስለወሰደች ብላ አትጀምር።

በእኛ ዘንድ በብዛት የሚታዘዘው ታሞክሲፌን ነው፤ በቀን 20 ሚሊ ግራም። የወር አበባ ለሚያዩም፣ ላረጡም ይሆናል። ሌላው ቡድን አናስትሮዞልና ሌትሮዞል የሚባሉት ናቸው። ላረጡ ሴቶች በሽታው እንዳያገረሽ በመከላከል ከታሞክሲፌን በመጠኑ ይሻላሉ፤ ነገር ግን አጥንት ያሳሳሉ፣ መገጣጠሚያ ያሳምማሉ። ታሞክሲፌን በበኩሉ ድንገተኛ የሙቀት ስሜትና ላብ ያመጣል፤ አልፎ አልፎ ደም ያረጋል፣ ካረጡ በኋላ ደግሞ የማሕፀን ካንሰርን ዕድል በትንሹ ይጨምራል። ስለዚህ ታሞክሲፌን የምትወስድ ያረጠች ሴት ደም ካየች በማሕፀን ሐኪም ትታይ፤ አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ትሂድ።

ምርጫው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በኬሞ ምክንያት የወር አበባዋ የቆመ የ42 ዓመት ሴት አርጣለች ማለት አይደለም፤ ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ለእሷ አናስትሮዞል ብቻውን አይሠራም። ዕድሜዋንና የወር አበባዋን ሁኔታ በደንብ ሳይጠይቅ ኪኒን የቀየረ ሰው ካለ ሌላ ሐኪም ይጠየቅ። ያረጠች፣ የአጥንት ምርመራ ማድረግ የምትችልና መድኃኒቱን ሳይቋረጥ የምታገኝ ሴት ግን ሁለተኛውን ቡድን ከሐኪሟ ጋር ብትወያይበት መልካም ነው። መድኃኒቱ ከተማዋ ውስጥ አንድ ወር ተገኝቶ ሁለት ወር የሚጠፋ ከሆነ፣ በየቀኑ የሚዋጥ ታሞክሲፌን እየተቆራረጠ ከሚወሰድ የተሻለ መድኃኒት ይበልጣል።

አምስት ዓመት ወይስ አሥር? አትላስ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ የታተመው ትልቅ ጥናት፣ እስከ አሥር ዓመት መቀጠል የማገርሸትንና የሞትን ዕድል ከአምስት ዓመቱ የበለጠ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጥቅሙ ጎልቶ የሚሠራው በብብት ንፍፊት ውስጥ ካንሰር ለተገኘባቸውና ሌላ አስጊ ነገር ለነበራቸው ነው። ትንሽ ሆኖ ቀድሞ ለተገኘ በሽታ አምስት ዓመት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጥያቄው በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ በግልጽ መነሣት አለበት፤ ኪኒኑ አልቆ በዝምታ የሚቀር ነገር አይሁን።

የሚቋረጠው ለምንድን ነው? ሰውነቷ ይድናል፣ ፀጉሯ ይመለሳል፣ «ደህና ነኝ እኮ» ትላለች። ወይም ሙቀቱ እንቅልፍ ይነሣታል። ወይም ስትሪፑ ካለቀ በኋላ ነው ፍለጋ የሚጀመረው፣ ፋርማሲው ደግሞ የለውም። እህቴ ያደረገችው ነገር ቀላል ነበር፦ ስትሪፑ ረከቦቱ ላይ ከስኳሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ በየኪኒኑ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ሰኞ፣ ማክሰኞ እየተባለ ይጻፋል፣ አሥር ፍሬ ሲቀር ልጇ ፋርማሲ ይሄዳል። ቡናው የተፈላ ዕለት ሁሉ ኪኒኑም ይዋጣል፤ እዚያ ቤት ደግሞ ቡና ሳይፈላ አይዋልም። የተረሳ ቀን ካለ በማግሥቱ ሁለት መዋጥ አያስፈልግም። ካርቶኑ ከበፊቱ ቢለይ አትደንግጡ፤ የሚታየው የመድኃኒቱ ስምና ሚሊ ግራሙ ነው።

ጾም ምክንያት አይሆንም። ኪኒኑ በቀን አንዴ ስለሆነ በጾም ቀን ከማዕድ በኋላ፣ በረመዳን ከማፍጠሪያ በኋላ ይወሰዳል። ጸበልም ቢሆን ከኪኒኑ ጋር የሚጣላ ነገር የለውም። በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜ ይኸው ክርክር ተነሥቶ አቡነ ጳውሎስ ምእመናኑ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መክረዋል። «ጸበል የገባ መድኃኒት ይተዋል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ እንጂ ኪኒኑን አትጣሉ።

ሙቀቱ ከበዛ ሐኪሙ የሚያቀልል መድኃኒት አለው። ለድብርት የሚታዘዙት ፍሉኦክሴቲንና ፓሮክሴቲን ግን የታሞክሲፌንን ሥራ ሊያደክሙ ስለሚችሉ፣ መድኃኒት የሚጽፍ ማንኛውም ሐኪም ታሞክሲፌን እንደምትወስድ ይወቅ።

ለወጣቶቹ ስለ መውለድም መናገር ግድ ነው። ታሞክሲፌን ፅንስ ይጎዳል፤ ስለዚህ መከላከያ ያስፈልጋል። ጤና ጣቢያ በቀላሉ የሚገኙት የሦስት ወሩ መርፌና ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ሆርሞን ናቸው፤ በሆርሞን የሚያድግ የጡት ካንሰር ለነበራት ሴት እነዚህ አይመከሩም። ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ ወይም ኮንዶም ይመረጣል። ለመውለድ ለምትፈልግ ደግሞ ተስፋ አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ከ18 እስከ 30 ወር ኪኒኑን ወስደው፣ ለመውለድ እስከ ሁለት ዓመት ያቆሙና ዕድሜያቸው 42 ወይም ከዚያ በታች የሆኑ 516 ሴቶችን ተከታትሎ፣ በሦስት ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ በሽታው በብዛት ሲያገረሽ አላየም። የረጅም ጊዜው ክትትል ገና እየቀጠለ ነው። ይህ በሐኪም ፈቃድና በዕቅድ የሚደረግ ነው፤ ከወለዱ በኋላም ኪኒኑ ይቀጥላል።

ያበጠ ክንድ፦ መታሸት፣ እጅጌ ወይስ እንቅስቃሴ?

የብብት ንፍፊቶቿ የወጡላት ወይም ብብቷ ጨረር ያገኘው ሴት፣ ክንዷ ዛሬም ሆነ ከዓመታት በኋላ ሊያብጥ ይችላል። መጀመሪያ የሚታየው ትንሽ ነገር ነው፤ ቀለበት አይወጣም፣ የሐበሻ ቀሚሱ እጅጌ በአንድ በኩል ይጠብቃል፣ ክንድ ይከብዳል። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከእጅ አንጓ ጀምራችሁ በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ ዙሪያውን ለኩ፣ ሁለቱንም ክንድ፣ በወር አንድ ቀን፣ ደብተር ላይ ከነቀኑ። ከሌላኛው ክንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚያህል ልዩነት ከመጣ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይታይ።

«በዚያ እጅሽ ምንም አታንሺ» የሚለው የቆየ ምክር ብዙ ሴቶችን ከሥራ አውጥቶ ትከሻቸውን አድርቋል። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ክንዳቸው ያበጠ 141 ሴቶች ተጠንተው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ክብደት ያነሡት እብጠታቸው አልባሰም፤ እንዲያውም እብጠቱ ድንገት የሚባባስበት ጊዜ ቀነሰላቸው። ቁልፉ «ቀስ በቀስ» የሚለው ነው። በግማሽ ሊትር የውኃ ጠርሙስ ጀምሮ በወራት ውስጥ መጨመር ጥሩ ነው፤ ተኝቶ የከረመን ክንድ በድንገት በ20 ሊትር ጄሪካን መፈተን ግን ሌላ ነገር ነው።

የሚያጠብቀው እጅጌ፣ ማለትም ክንድን ጠበቅ አድርጎ የሚይዘው የላስቲክ ልብስ፣ እብጠቱ ለተጀመራት ይረዳል፤ በልክ ከሆነ ብቻ። አንጓው ላይ የሚያንቅ ወይም የሚጠቀለል እጅጌ ፈሳሹን ወደ መዳፍ ይገፋዋል። ቀን ይለበሳል፣ ማታ ይወልቃል፣ ላስቲኩ ሲላላም መቀየር አለበት። መታሸትን በተመለከተ ወጌሻ ጋ አትሂዱ። ለዚህ ችግር የሚሆነው እሽታ የቆዳውን ላይ ብቻ በዝግታ የሚገፋ፣ የሠለጠነ ሰው የሚያስተምረው ነው፤ ጠንክሮ መታሸት ይጎዳል። ሽንት የሚያበዛ ኪኒንም ለዚህ እብጠት መፍትሔ አይደለም።

ለብዙዎቹ የሚቀጥለው ምርጫ እንቅስቃሴና የቆዳ ጥንቃቄ ነው፤ እጅጌው ሲያስፈልግ ይጨመራል፣ ፋሻና እሽታ ደግሞ በፊዚዮቴራፒስት እጅ ለከበደው። ቆዳውን መጠበቅ ማለት እንጀራ ስትጋግር የአክንባሎው እንፋሎት እንዳያቃጥላት እጇን መሸፈን፣ አትክልት ስትቆፍር ጓንት ማድረግ፣ ትንሽዋን ጭረት በሳሙናና በውኃ ማጠብ ነው። ክንዱ ቀልቶ፣ ሞቆ፣ ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያስፈልጋል። ለነገ የሚተው አይደለም።

ደረቱ፣ ልቧና ማዕዷ

ጡቷ የወጣላት ሴት ምንም ሳታደርግ መኖር ትችላለች፤ ይህ ሙሉ ምርጫ ነው፣ ማንም ሊያስገድዳት አይገባም። ከፈለገች ከጥጥ ጨርቅ ተሰፍቶ ጡት ማስያዣ ውስጥ የሚገባው ቀላልና ርካሽ ነው፣ በሙቀትም አያልብም። ከሲሊኮን የተሠራው ክብደት ስላለው በተለይ ጡቷ ትልቅ ለሆነ ሴት የትከሻዋን ሚዛን ይጠብቃል፤ ቁስሉ በደንብ ከዳነ በኋላ ይጀመራል። በቀዶ ሕክምና ጡት መልሶ መሥራት ውድና ሁለት ሦስት ቀዶ ሊጠይቅ የሚችል ነው፤ ለምትፈልግ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ካሉባቸው እንደ የካቲት 12 ካሉ ሆስፒታሎች ምክር መጠየቅ ይቻላል። ባልም ሆነ እናት ከመወሰናቸው በፊት እሷን ይስሟት።

ፍርሃቱ በየቀጠሮው ዋዜማ ይመጣል። ይህን የምታወራው ለማን ነው? በዚያው በሽታ ውስጥ ካለፈች ሴት ጋር መነጋገርን የሚተካ የለም፤ ቀጠሮ ቦታ የተዋወቀቻትን ስልኳን ትያዝ። የንስሐ አባት፣ ሼኽ፣ ፓስተር ያጽናናል። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ሰው መራቅ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሐኪም ያስፈልጋል፤ ሞትን የምትመኝ ከሆነ ደግሞ ብቻዋን አትተዉአት፣ በዚያው ቀን ውሰዷት።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። በጠርሙስ የሚሸጠው «ካንሰር አጥፊ» ዕፅ ሁሉ ገንዘቡ ለኪኒኑ ቢውል ይሻላል፤ የምትወስደው ቅጠልና ዱቄት ካለ ለሐኪሟ ትንገር። ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ጤፍ፣ ሲፈታ እንቁላልና ወተት ይበቃሉ። የሚሻለው መራመድ ነው፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ድካሙን ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ አጥንትን ይጠቅማል። ዶክሶሩቢሲን ወይም ትራስቱዙማብ የሚባሉትን፣ ልብን ሊጎዱ የሚችሉ የካንሰር መድኃኒቶች የወሰደች ሴት የደም ግፊቷ ይለካ፤ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ካጠራት ልቧ ይታይ።

ወደ ሥራ ስለ መመለስም፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ ስድስት ወር ነው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ያለ ክፍያ። ይህን ያወቀች ሴት የምትመለስበትን ጊዜ ከአሠሪዋ ጋር አስቀድማ መነጋገርና ቀለል ባለ ሥራ መጀመርን መጠየቅ ትችላለች።

ከውጭ ለምትረዱ

ዋሽንግተን፣ ዱባይ ወይም ስቶክሆልም ሆናችሁ እህታችሁን የምትረዱ፣ ለስካን ከመላካችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የሆርሞን ተቀባይ ውጤቷ ምን ይላል? ኪኒኑ ስንት ፍሬ ቀርቷታል? ለሚቀጥለው ቀጠሮ የመጓጓዣ አላት? ከእነዚህ አንዱ ክፍት ከሆነ ገንዘባችሁ መጀመሪያ እዚያ ይግባ። ኪኒን የምትልኩ ከሆነ ሐኪሟ የጻፈውን የማዘዣ ወረቀት ፎቶ አስልካችሁ ስሙንና ሚሊ ግራሙን አመሳክሩ፤ እዚያ ያለው ፋርማሲስት «ይሻላል» ያለውን በራሳችሁ አትቀይሩ። የሚያጠብቅ እጅጌ ከሆነ የምትልኩት፣ የአንጓዋን፣ የክርኗንና የላይኛ ክንዷን ዙሪያ፣ የክንዷንም ርዝመት በሴንቲ ሜትር አስለክታችሁ፣ የትኛው ክንድ እንደሆነ ጠይቃችሁ፣ ሁለት ግዙ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይለበሳል።